የቤታችን ቴሌቪዥን ሲታመም

በቤታችን ካሉት ዕቃዎች መካከል ሲበላሽ የቤተሰቡን ሁሉ ፊት የሚያጠቁር ቢኖር ቴሌቪዥን ነው። ምድጃ ቢሰበር የጎረቤት ምድጃ አለ፤ ወንበር ቢሰበር በርጩማ ይተካዋል። ቴሌቪዥን የተበላሸ ዕለት ግን ልጆች ያኮርፋሉ፣ አረጋውያን ይተክዛሉ፣ አባወራውም ዜና አመለጠኝ ብሎ ያጉረመርማል። ጠጋኝ የማፈላለጉና ከወሩ ደመወዝ ቀንሶ የማብቃቃቱ ጣጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በእናት ጫንቃ ላይ ነው። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በዚህ ሳምንት ስለ አሮጌው፣ ኋላው ስለ ወጣው፣ ባለ ፒክቸር ቲዩብ ቴሌቪዥን ላጫውታችሁ።

«ይህ ዕቃ እኮ ጊዜው አልፎበታል» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ የሚታየው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቀጭኑ ነው። ይሁን እንጂ እኔ በምኖርባት በግልገል በለስም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን አሮጌው ቴሌቪዥን በቢጫ፣ በነጭና በቀይ ገመዶች ከዲሽ ሪሲቨር ጋር ተያይዞ አሁንም የሚያገለግልባቸው ቤቶች አሉ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በደረሰው የጸጥታ መታወክ ቤት ንብረቱን ጥሎ የተፈናቀለው ሰው ብዙ ነበር። ከዚያ ተመልሶ ኑሮውን ከድስትና ከማንኪያ የጀመረ ቤተሰብ ዘመድ የሰጠውን አሮጌ ቴሌቪዥን አይንቅም። ያለውን ጠግኖ መጠቀም የድህነት ምልክት ሳይሆን የብልህነት ምልክት ነው።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው በአዲስ አበባ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት መቀበያዎች ሆዳቸው ውስጥ እንደ አምፖል ቀልተው የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ነበሯቸው፤ ተከፍተው ሥዕል እስኪያመጡ ጥቂት መታገሥ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ሥርጭቱ ባለ ቀለም ሆነ። በጊዜ ብዛት እነዚያ ትንንሽ ቱቦዎች ጠፍተው በትራንዚስተር ቢተኩም፣ ትልቁ ቱቦ ማለትም ሥዕሉን የሚያሳየን ፒክቸር ቲዩብ ግን ለረጅም ዘመን ከቦታው አልተነሣም። ይህን ዓይነቱን ቱቦ በመጀመሪያ የሠራው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1897 ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የሰውን ልጅ ያገለገለ ዕቃ ነውና አሠራሩን ጥቂት ብናውቅ አይከፋም።

እናንት በምጣድ አጠገብ ያደጋችሁ እኅቶቼ፣ ነገሩ ከእንጀራ መጋገር ብዙም የራቀ አይደለም። በቲዩቡ ቀጭን አንገት ውስጥ አንዲት ትንሽ ማሞቂያ አለች። እርሷ ስትግል ኤሌክትሮን የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች እንደ ቀጭን ጅረት ይወጣሉ። ጅረቱም የመስታወቱን ፊት ሲመታ፣ በውስጥ በኩል የተቀባው ዱቄት ያበራል። ሥዕሉ የሚሞላው ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። በእኛ አገር ሲሠራበት በኖረው ሥርዓት 625 መስመሮች ከላይ እስከ ታች ይሰመራሉ፤ ይህም በአንድ ሴኮንድ 25 ጊዜ ይደጋገማል። እኛስ ሊጡን የምናፈስሰው እንዴት ነው? ከምጣዱ ጠርዝ ጀምረን እያዞርን ወደ መሐል እናመጣዋለን። እጃችን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ይዞራል፣ ወደ መሐልም ይጠጋል። በቴሌቪዥኑም ውስጥ እንዲሁ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። አንደኛው ጅረቱን ከግራ ወደ ቀኝ ያስኬደዋል፤ ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች ያወርደዋል። ሁለቱ ከተባበሩ ሥዕሉ ሙሉ ይሆናል።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። በእኔ ቤት የጠቀመውን ልንገራችሁ።

እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሠራ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ሥራው ከከተማ ውጭ በመሆኑ የሚመጣው በወር አንዴ ነው። ወላጅ እናቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። እግራቸውን ስለሚያማቸው ከግቢ መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል። ከጠዋት እስክመለስ ድረስ አብሯቸው የሚውለው ይኸው ቴሌቪዥን ነው። የገዙትም ራሳቸው ናቸው፤ በ1994 ዓ.ም. ባሕር ዳር ሳሉ ዕቁብ ወጥቶላቸው ነው። ወደ እኔ ሲመጡም በእንጅባራና በቻግኒ በኩል በአውቶቡስ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። እንግዲህ ለእርሳቸው ይህ ዕቃ የላባቸው ዋጋ ነው፤ የብቸኝነት ጓደኛቸውም ነው።

ባለፈው ሐምሌ ከሥራ ስመለስ እናቴ አኩርፈው አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ሰዎቹ ይናገራሉ እንጂ አይታዩም፤ ሁሉም አንድ ክር ላይ ተኝተዋል» አሉኝ። ብመለከት እውነት ነው፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ነው፤ በመስታወቱ መሐል ግን ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ደማቅ ነጭ መስመር ተጋድሟል፤ ሌላው ጨለማ ነው። ወዲያው ዘጋሁት። ለምን ቢሉ፣ መላውን ፊት ሊያዳርስ የሚገባው ጅረት በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ሲከማች የተቀባውን ዱቄት አቃጥሎ የማይለቅ ጠባሳ ይተዋልና። እናንተም ይህን ምልክት ካያችሁ «ምናልባት ይመለስ ይሆናል» እያላችሁ ከፍታችሁ አታቆዩት።

የ11 ዓመቱ ልጄ ካቻቢቴ ይዞ መጣ። «እማዬ፣ የኋላውን ልክፈተው?» ሲል የእውቀት ጉጉቱ ቢያስደስተኝም ካቻቢቴውን ተቀበልሁት። ውድ እናቶች፣ ይህን በደንብ አድምጡ። ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ግን ለፒክቸር ቲዩቡ ወደ 25,000 ቮልት ያመነጫል። ገመዱ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ይህ ኃይል ቲዩቡ ላይ ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል። በውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮችም እንዲሁ ኃይል አዝለው ይቆያሉ። ስለዚህ «ነቅዬዋለሁ» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም። የኋላውን ክዳን መክፈት የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ይህንን ለልጄ ቁጭ አድርጌ አስረዳሁት፤ በቁጣ ብቻ ብመልሰው እኔ በሌለሁበት ይከፍተው ነበር።

በማግሥቱ አንድ ጠጋኝ አስጠራሁ። ዕቃውን ሳይከፍት፣ መስመሩን ለአፍታ አይቶ ፈረደ። «እትዬ፣ ፒክቸር ቲዩቡ ሞቷል። ዋጋ የለውም፤ ከፈለጉ ለዕቃው ብዬ ትንሽ ገንዘብ ልስጥዎትና ልውሰደው» አለኝ። እናቴ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሰበሰቡ። እኔ ግን የምጣዱ ነገር ትዝ አለኝ። «ወንድሜ፣ ቲዩቡ ከሞተ ይህ መስመር ከየት መጣ? ማሞቂያው ባይግል፣ ከፍተኛው ቮልት ባይኖር ብርሃን አይታይም ነበር። ምጣዱማ ደህና ነው፤ የጠፋው ከላይ ወደ ታች የሚያወርደው እጅ ነው» አልሁት። ሰውየው ፈገግ ብሎ «ይሄ የወንድ ሥራ ነው፤ እርስዎን ያደናግርዎታል» አለ። የመምጫውን ከፍዬ በሰላም አሰናበትሁት።

እኅቶቼ፣ እስቲ ይህን ቃል እንመርምረው። ቤቱን የምታስተዳድረው ሴት፣ ዕቃው ሲበላሽ ያየችው ሴት፣ ገንዘቡንም የምትከፍለው ሴት ሆና ሳለ ነገሩን መረዳት ብቻ የወንድ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ አባባል ጸጥ ብንል ኖሮ እናቴ የላባቸውን ፍሬ በትንሽ ገንዘብ ባስረከቡ፣ እኔም አዲስ ለመግዛት ዕዳ ውስጥ በገባሁ ነበር። ባለማወቅ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ የሚመጣው ከልጆች ደብተርና ከቤቱ ዘይት ነው።

በመሥሪያ ቤታችን የምትሠራ ባልደረባዬ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሮኒክስ የተማረች አንዲት ወጣት አመላከተችኝ። ወጣቷ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሣጥኗን ይዛ መጣች። በመጀመሪያ የጠየቀችው ዋጋ ሳይሆን ታሪኩን ነበር፤ «መቼ ጀመረው? ድንገት ነው ወይስ ሥዕሉ ቀስ በቀስ እየጠበበ? ሲመታ ይመለሳል?» እናቴ መለሱላት። ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ሥዕሉ አንዳንዴ ድንገት ይጨማደድ፣ ቴሌቪዥኑን ጎኑን መታ ሲያደርጉት ይስተካከል እንደ ነበር ነገሯት። ልጅቷ ሣቀችና «እማማ፣ በሽታውን እርስዎ አገኙት» አለቻቸው።

ቀጥሎም ገመዱን ነቀለች፤ ክዳኑን ከፈተች፤ ማንኛውንም ነገር ከመንካቷ በፊት በቲዩቡ ውስጥ የተጠራቀመውን ኃይል በመሣሪያዋ አፈሰሰች። የዓመታት አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረገች። ከዚያም የውስጡን ሰሌዳ ገልብጣ በማጉያ መስታወት ተመለከተች። ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል ሲሠራ በጣም የሚግል፣ ሲዘጋ የሚቀዘቅዝ ነው። መጋልና መቀዝቀዝ ከዓመት ዓመት ሲፈራረቁ፣ እግሮቹን ከሰሌዳው ጋር ያያያዘው ሊድ በዙሪያው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። ለእኔም አሳየችኝ፤ በእግሮቹ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ጭረት ነበር። በእንጅባራ መንገድ ላይ የደረሰበት መንገጫገጭም የራሱን ድርሻ ሳያዋጣ አልቀረም። ስንጥቁን በመበየጃ አቅልጣ አዲስ ሊድ ጨመረችበት፤ በአጠገቡ ያበጠች አንዲት ካፓሲተርም ቀየረች። ብርሃኑን ዝቅ አድርጋ ስትከፍተው ሥዕሉ መስታወቱን ሙሉ ሆነ። ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ ያስከፈለችኝም ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ ያነሰ ነበር። እናቴ «እጅሽ ይባረክ፤ ወልደሽ ሳሚ» ብለው መረቋት።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቼ፣ ከልጅቷም ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። ክዳን ሳትከፍቱ፣ በማየትና በመስማት ብቻ ልትለዩአቸው የምትችሉ ምልክቶች አሉ።

አንደኛ፣ ቴሌቪዥኑ ጭራሽ አልከፈት ካለ መጀመሪያ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ፈትኑ። ዲቫይደሩ የላላ፣ ገመዱ የታጠፈ እንደ ሆነ ተመልከቱ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ውስጥ ያለው ፊውዝ ተቃጥሎ ይሆናል። ፊውዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምክንያት አይቃጠልም። «ፊውዙን በሽቦ ቋጥሬ ሠራሁልሽ» የሚል ጠጋኝ ከመጣ አትቀበሉት፤ ቤታችሁን ለእሳት እየዳረገ ነውና።

ሁለተኛ፣ ቴሌቪዥኑ እየከፈተ ሰማያዊ ወይም ዝናብ የመሰለ ነጠብጣብ ብቻ ካሳየ፣ ችግሩ ከቴሌቪዥኑ ላይሆን ይችላል። ሪሲቨሩ መብራቱን፣ ሦስቱ ገመዶች በየቀለማቸው መግባታቸውን፣ በሪሞቱም ኤቪ የሚለው መመረጡን አረጋግጡ። ሥዕል ጠፍቶ ድምፅ ብቻ ከመጣ ቢጫው ገመድ፣ ድምፅ ጠፍቶ ሥዕል ብቻ ከመጣ ነጩና ቀዩ ሳይላላ አልቀረም። ለዚህ ጠጋኝ መጥራት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሦስተኛ፣ ድምፅ እያለ መስታወቱ ፈጽሞ ከጨለመ፣ ክፍሉን አጨልማችሁ በኋላው ክዳን ቀዳዳዎች በኩል፣ ምንም ሳታስገቡ፣ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። በቲዩቡ አንገት ውስጥ ትንሽ ብርቱካናማ ፍም ካያችሁ ማሞቂያው ይሠራል። ካልታየ ይህንኑ ለጠጋኙ ንገሩት።

አራተኛ፣ በመስታወቱ ማዕዘን ላይ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ እድፍ ከታየ ምናልባት የቴፑን ስፒከር አጠገቡ አስቀምጣችሁ ይሆናል። በስፒከር ውስጥ ማግኔት አለ፤ ማግኔትም ቀለሙን ያዛባል። ስፒከሩን አርቁ። ቴሌቪዥኑን ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት። ሲከፈት ራሱን ከማግኔት የሚያጸዳበት ሥርዓት አለው፤ ጥቂት ጊዜ ሲደጋገም እድፉ ሊለቅ ይችላል።

አምስተኛ፣ የመንጫጫት ወይም የመንጣጣት ድምፅ ከሰማችሁ፣ የመቃጠል ሽታም ከሸተታችሁ፣ አትጠብቁ፤ ዘግታችሁ ከሶኬት ንቀሉ። በእኛ በቆላው ክረምት እርጥበትና አቧራ ሲገናኙ ከፍተኛው ቮልት መንገድ ያገኝና ወደ ማይገባው ቦታ ይፈተለካል። ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየውንም ቴሌቪዥን በደረቅ ቦታ አቆይታችሁ፣ በባለሙያ አስጠርጋችሁ ብትከፍቱት ይመረጣል።

ከሕክምና ይልቅ መከላከል እንደሚሻል ጤና ባለሙያዎች ዘወትር ይመክሩናል፤ ለዕቃም እንዲሁ ነው። በብዙዎቻችን ቤት ቴሌቪዥን ላይ በእጃችን የሠራነው ዳንቴል ተነጥፎ፣ በዳንቴሉ ላይ ደግሞ የአበባ ማስቀመጫ ይደረጋል። ቤት ማሳመር መልካም ነው፤ ነገር ግን ዳንቴሉ የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ሲሸፍን ውስጡ ይታፈንና ከልክ በላይ ይግላል። ዳንቴሉን ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ አልብሱት፤ ሲከፈት ግለጡት። ውኃ ያለበት ማስቀመጫ ግን ፈጽሞ አይቀመጥበት። መብራት ሲጠፋ ሻማ ቴሌቪዥኑ ላይ ማቆም ደግሞ ክፉ ልማድ ነው፤ ሻማው ሲያልቅ ፕላስቲኩ ይያዛል፣ ቤት ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ዝጉ፤ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ክፈቱ። አቅም ከፈቀደ ስታቢላይዘር ጥሩ ነው። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም የኤሌክትሪኩንም የዲሹንም ገመድ ንቀሉ።

ከሁሉ በላይ ለሕፃናት ጥንቃቄ ይደረግ። ይህ ቴሌቪዥን ክብደቱ ያለው ከፊቱ፣ ከወፍራሙ መስታወት በኩል ነው። በጠባብ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ከተቀመጠና ሕፃን ልጅ ወይም ጠረጴዛውን ይዞ ለመቆም ከሞከረ፣ ወይም የተንጠለጠለውን ጨርቅ ከጎተተ፣ ወደ ፊት ይደፋበታል። ስለዚህ ዝቅ ያለና ሰፊ ጠረጴዛ ላይ፣ ከግድግዳው አስጠግታችሁ አስቀምጡት። ልጅን የሚያጓጓ መጫወቻም ላዩ ላይ አታኑሩ።

ጠጋኝ ስትጠሩ ደግሞ ያያችሁትን ምልክት በወረቀት ጻፉ፤ መቼ እንደ ጀመረ፣ ሲሞቅ ይሁን ሲቀዘቅዝ፣ ድምፅ አለ ወይስ የለም። ከመክፈቱ በፊት ዋጋውን ተነጋገሩ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ቢቻል አጠገቡ ቁሙ። እውነተኛ ባለሙያ በጥያቄ አይቆጣም፤ ሙያውን ለሚያከብርለት ሰው ማስረዳት ደስ ይለዋል።

ሁሉም ዕቃ ደግሞ አይድንም። ሥዕሉ እየደበዘዘ፣ ሲከፈት ለመምጣት ረጅም ጊዜ እየወሰደ፣ ቀለሙም እየጠፋ ከሄደ ፒክቸር ቲዩቡ አርጅቷል ማለት ነው። እርሱን መለወጥ አያዋጣም። በዚህን ጊዜ ለመጠገን ደጋግሞ ከመክፈል፣ ለአዲሱ ዕቁብ መግባት ይሻላል። ያረጀውን ግን በጓሮ አትጣሉት፤ ልጆችም በድንጋይ እንዲሰብሩት አትፍቀዱ። ቲዩቡ ውስጡ አየር የሌለው በመሆኑ ሲሰበር ስብርባሪው ይፈናጠራል፤ መስታወቱም ሊድ ያለበት ነው። ሊድ ደግሞ ለሕፃናት አእምሮ እድገት መርዝ ነው። መዳብ ለማግኘት ብሎ ገመዱን ማቃጠልም ጭሱ ሳንባን ይጎዳል። ዕቃውን ሳይሰበር፣ መለዋወጫ ለሚፈልግ ጠጋኝ ብትሰጡት፣ የአንዱ ቤት ሙት ለሌላው ቤት ሕመምተኛ መድኃኒት ይሆናል።

በመጨረሻም ለእናቶች የማሳስበው አለኝ። ሴቶች ልጆቻችሁ ስለ ሽቦና ስለ ፊውዝ ሲጠይቁ «ይህ የወንድ ነው» ብላችሁ አትመልሷቸው። በእኛ ቤት አሁን የምልክቱን ደብተር የምትጽፈው የስምንት ዓመቷ ልጄ ናት። እናቴ ከመቀመጫቸው ሆነው የሚያዩትን ይነግሯታል፤ እርሷ ቀኑን ጨምራ ትመዘግባለች።